«አይመጡም እኮ» ከማለታችን በፊት፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ስብጥር ማስፋት ለምትፈልጉ

የቅበላ ኮሚቴ በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ሰው የሚላት ነገር አለች። «እኛማ ብንቀበላቸው ደስ ባለን፤ ግን አይመጡም እኮ!» ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ወደፊት ጥረት ይደረጋል» ተብሎ ይሰፍራል። በቃ፣ እስከ ከርሞ ተረሳ።

እኔም ብያታለሁ፣ አልዋሽም። እዚያ ወንበር ላይ ጥቂት ዓመት ከተቀመጥኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አብዛኞቹ የሚቀሩት እኛን ጠልተው አይደለም። በራችን ላይ የደረደርነው ጣጣ ነው የሚያስቀራቸው። ጣጣውን ማንም በክፋት አላስቀመጠውም፤ ከድሮ ጀምሮ ስለነበረ ብቻ ዛሬም አለ። እንግዲህ እዚህ የማወራው ስለ መፈክርና ስለ ብሮሹር ሳይሆን፣ በሮቹን አንድ በአንድ እየፈተሹ ስለ መክፈት ነው። የጻፍኩት ማስተርስና ፒኤችዲ ለምትቀበሉ ሰዎች ነው፤ በተለይ ደግሞ ያለ ረዳት ሁሉን ለብቻው ለሚሸከመው የፕሮግራም አስተባባሪ። (የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ቁጠሩ

ብዝኃነት ሲባል ሁሉም በልቡ የየራሱን ሥዕል ይዞ ነው የሚያወራው። ለአንዱ የሴቶች ቁጥር ነው። ለሌላው ከውጭ አገር የመጣ ተማሪ ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ልጅ፣ ገጠር ያደገች፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ፣ ልጆቿን አሳድጋ በአርባ ዓመቷ ወደ ትምህርት የተመለሰች፣ ከአናሳ ብሔረሰብ የመጣ፤ ሁሉም ልክ ነው። ግን ሁሉንም በአንዴ እናሳካለን የሚል ፕሮግራም አንዱንም ሳይነካ ዓመቱ ያልቃል። የጎደላችሁ ምን እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ።

ለዚህ ደግሞ ቆጠራ ያስፈልጋል። ያለፉትን አምስት ዓመታት መረጃ አውጡ። ስንቱ ፎርሙን ጀመረ? ስንቱ ጨረሰ? ስንቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ? ስንቱ ተቀባይነት አገኘ? ከነዚህ ውስጥ ስንቱ መጣ? ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንቱ አለ? ስንቱስ ተመረቀ? በየደረጃው ማን እየተንጠባጠበ እንደሚቀር እዩ። በዓመት ስምንት ተማሪ የሚቀበል ፕሮግራም የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ ቢጨቃጨቅ ምንም አይገኝበትም፤ አንድ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ መቶኛው ይገለባበጣልና። ለዚህ ነው አምስት ዓመት የምላችሁ።

እኛ አንድ ጊዜ ይህን ስንቆጥር ያገኘነው ነገር አሳፍሮናል። ፎርሙን ጀምረው ያልጨረሱት ብዙ ነበሩ። የሚበዙት የቆሙትም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ። በደንብ የሚያውቋቸው ሁለት መምህር አሏቸው፣ ሦስተኛ የለም። ከመቶ ተማሪ ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጨናንቆ የተማረ ልጅ በስሙ የሚጠራው ሦስተኛ ፕሮፌሰር ከየት ያምጣ? የሚገርመው ደግሞ ሦስተኛውን ደብዳቤ ከእኛ መሀል በቁም ነገር የሚያነብ አልነበረም። ወደ ሁለት ዝቅ አደረግነው። ውሳኔው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስንት ዓመት ግን ሰው ሲመልስ ኖሯል።

ሌላው ከመጀመራችሁ በፊት የምታዩት ሕጉ ነው። አገር ከአገር በጣም ይለያያል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ዘርን ራሱን ለቅበላ መመዘኛ ማድረግ ተከልክሏል፤ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው የጻፈውን ማንበብና ማገናዘብ ግን አልተከለከለም። ሕንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በማዕከላዊ መንግሥት ተቋማት ለተለያዩ የማኅበረሰብ ክፍሎች 15፣ 7.5 እና 27 በመቶ ቦታ በሕግ ተይዟል፣ በ2019 ደግሞ በኢኮኖሚ ለተጎዱ 10 በመቶ ተጨምሯል። ብራዚል በ2012 ባወጣችው ሕግ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎቿ ግማሹን ቦታ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሩ እንዲይዙ አድርጋለች፤ ሕጉ በ2023 ሲሻሻል ድኅረ ምረቃንም ነክቷል። ስለዚህ ከሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ያያችሁትን አሠራር ገልብጣችሁ አታምጡ። የተቋማችሁን የሕግ ክፍል በጊዜ ጠይቁ፤ ማመልከቻ ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን ከመከፈቱ በፊት። ደግነቱ ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ለሁሉም አመልካች በር የሚከፍት ነገር ስለሆነ ከሕግ ጋር የሚያጋጭ አይደለም።

ኢሜይሉን መልሱ

ይሄ ቀላል ይመስላል። አይደለም።

በአሜሪካ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በ259 ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩ ከ6,500 በላይ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላኩ። ላኪው ፒኤችዲ ለመማር የሚያስብ ተማሪ መስሎ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ላነጋግርዎት ይላል። ጽሑፉ ቃል በቃል አንድ ነው። የሚለየው ከሥር ያለው ስም ብቻ ነው፤ የወንድ፣ የሴት፣ የነጭ፣ የጥቁር፣ የሂስፓኒክ፣ የሕንዳዊ፣ የቻይናዊ ስም። የነጭ ወንድ ስም የያዘው ኢሜይል ከሌሎቹ ይልቅ መልስ አገኘ። ልዩነቱ የባሰው ደግሞ ደመወዝ በሚበዛባቸው የትምህርት መስኮችና በግል ዩኒቨርሲቲዎች ነበር።

አስቡት እንግዲህ። ማመልከቻ እንኳ አልተከፈተም። ኮሚቴው አልተሰበሰበም። የተጻፈ መመዘኛ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም እዚህ ጋ አይደርስም። አንድ ሰው ተጨናንቆ፣ ሦስት ጊዜ አርሞ የላከው ኢሜይል መልስ አጥቶ ቀረ፤ ልጅቷም «አልፈለጉኝም» ብላ ሌላ ቦታ ሄደች። ፕሮፌሰሩን ብትጠይቁት ክፉ ሰው አይደለም፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ሥራ ሲበዛብን ግን ለማን እንደምንመልስ ሳናስበው እንመርጣለን።

ምን ይደረግ? የፕሮግራሙ የጋራ ኢሜይል ይኑር፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚከፍተው ሰው በስም ይመደብ። ተደጋግመው ለሚመጡ ጥያቄዎች መልስ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በዚህ ዓመት ማን አዲስ ተማሪ እንደሚወስድ፣ ማን እንደማይወስድ፣ በምን ርዕስ ላይ፣ ድረ ገጹ ላይ ይጻፍ። ፕሮፌሰሮች ደግሞ ሁለት መስመር ትበቃለች፤ «ዘንድሮ ቦታ የለኝም፣ እገሌን ሞክሪ» ማለት ከዝምታ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ መስክ ላይ ከማመልከታችሁ በፊት ፕሮፌሰሩን ካላነጋገራችሁ አበቃላችሁ። ሌላ መስክ ላይ ቀድሞ መጻፍ ምንም ጥቅም የለውም፣ እንዲያውም ያሰለቻል። ይህን የሚያውቅ ማን ነው? አባቱ ወይም እናቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩለት ልጅ። ሌላው ከየት ይስማው? የእናንተ ደንብ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጻፉት። «ከማመልከታችሁ በፊት ፕሮፌሰር አነጋግሩ፤ በኢሜይሉ ላይ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጻፉ» ብሎ አንድ አንቀጽ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም።

ጠረጴዛ ዘርግቶ ብዕር ማደል

ብዙ ተቋማት ተማሪ ምልመላ ሲሉ የትምህርት ኤግዚቢሽን ላይ ጠረጴዛ መዘርጋት ማለታቸው ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ብዕር ይታደላል፣ የኢሜይል አድራሻ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ማንም አይጽፍላቸውም። ብዕሩ ጥሩ ነው፤ እቤቴ ሙሉ ነው።

የሚሠራው ቀስ ያለ ነገር ነው። ሦስት ወይም አራት የመጀመሪያ ዲግሪ ተቋማት ምረጡ፤ ጥሩ ተማሪ የሚያወጡ፣ ግን ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ያልነበራቸው። እነሱ ጋ በየዓመቱ ሂዱ። በየዓመቱ! አንድ ጊዜ ሄዶ መጥፋት ካለመሄድ አይሻልም። ስትሄዱም የምትፈልጉት የተሰለፈውን ተማሪ ብቻ ሳይሆን መምህሩን ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ «አንተ እኮ ምርምር ይሆንሃል» የምትለው መምህርት ናት እውነተኛዋ መልማያችሁ። እሷ የምታምነው ፕሮግራም እንድትሆኑ ነው መድከም ያለባችሁ። ሴሚናር እንድትሰጥ ጋብዟት፤ ክረምት ላይ ላቦራቶሪያችሁን ትጠቀም፤ የላከችው ተማሪ ካልተቀበላችሁት ምን እንደጎደለው በሕጋችሁ በተፈቀደው ልክ ንገሯት።

ያንኑ ተቋም የጨረሰ ተማሪ አሁን እናንተ ጋ ካለ ደግሞ ከማንኛውም ዲን የበለጠ ይሰማል። ላኩት፤ ግን የትራንስፖርቱንም የጊዜውንም ክፈሉት።

አቅም ያላቸው ከዚህም አልፈው ድልድይ ሠርተዋል። በአሜሪካ ናሽቪል ውስጥ ፊስክ ዩኒቨርሲቲና ቫንደርቢልት በ2004 የጀመሩት ፕሮግራም የዚህ ዓይነት ነው። ተማሪው ፊስክ ማስተርሱን እየሠራ ቫንደርቢልት ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ኮርስ ይወስዳል፣ ላቦራቶሪ ይገባል፤ ወደ ፒኤችዲ ሲያመለክት የሚያውቁት ሰዎች አሉ። ወረቀት ላይ ያለ እንግዳ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። የሜሪላንዱ ዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲ የማየርሆፍ ፕሮግራምን በ1988 የጀመረው ደግሞ ከታች ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በቡድን አሰባስቦ፣ አብረው እየተማሩ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለፒኤችዲ ያዘጋጃቸዋል። በአፍሪካ ደግሞ ኔይል ቱሮክ በ2003 ኬፕታውን ሙይዘንበርግ ላይ የመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ከብዙ የአህጉሪቱ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን ወጪያቸውን ሸፍኖ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው እያኖረ ያስተምራል።

ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ነገር ግን ይጋራሉ። ተማሪው ከማመልከቱ በፊት አንድ ሰው ሥራውን አይቶታል። ገንዘብ ባይኖራችሁም ከዚህ የምትወስዱት አለ፤ ሁለት የክረምት ልምምድ ቦታ፣ ወይም በየወሩ በዙም የሚደረግ የጥናት ንባብ ቡድን ከአጎራባች ተቋም ተማሪዎች ጋር። ትንሽ ነው፤ ይሁን።

ፎርማችሁን በስልክ ሞክሩት

ይህን በዚህ ሳምንት አድርጉት። ስልካችሁን አውጡና ራሳችሁ ፕሮግራም ላይ እንደ አመልካች አፕላይ አድርጉ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ ስልክ ብቻ ይዞ ነው የሚያመለክተው። ገጹ ይከፈታል? የጻፋችሁት መሀል ላይ ይጠፋል? አንዱ ቦታ ያለው የመዝጊያ ቀን ከሌላው ገጽ ጋር ይጣላል? (ይጣላል። ሁሌም ይጣላል።)

ከዚያ ወደ ገንዘቡ። የማመልከቻ ክፍያ የሚያጣራው ጎበዙን አይደለም፣ ያለውን ነው። ማስቀረት ካልቻላችሁ ነፃ የማድረጊያውን መንገድ አቅልሉት። አንዲት ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይብቃ። የድህነት ማስረጃ፣ የቤተሰብ ገቢ፣ የባንክ ስቴትመንት አምጣ የሚል ፎርም ራሱ ሌላ ክፍያ ነው፤ ኩራት ያለው ሰው ይተወዋል። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ያለው ሰው እንኳ ካርዱ ስለሌለው ብቻ ውጭ ይቀራል።

በማኅተም የታሸገ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከመጀመሪያው አትጠይቁ። ስካን የተደረገው ይበቃል፤ ዋናውን የተቀበላችሁት ሰው ያመጣዋል። የድጋፍ ደብዳቤም ቢሆን ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ብቻ ብትጠይቁ መምህራኑም ያርፋሉ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በማስተማሪያ ቋንቋችሁ የተማረን ሰው እንደገና የቋንቋ ፈተና አታስከፍሉት፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚጻፍለት ማረጋገጫ ይብቃው።

ድርሰቱስ? «ስለ ራስዎ ይንገሩን» የሚል ጥያቄ የሚጠቅመው የሚፈለገውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ሌላው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳይንስ ይወድ እንደነበር ሁለት ገጽ ይጽፍላችኋል፤ ከዚያ እናንተ «ላይ ላዩን ነው» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። የምትፈልጉትን ጠይቁ። «አንድ የሠራችሁትን ሥራ ንገሩን፤ ምን ጥያቄ ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ የቱ ጋ ተበላሸ፣ ያኔ ምን ወሰናችሁ?» በዚህኛው ጥያቄ ላይ ላቦራቶሪ አይታ የማታውቅ ግን የአካባቢ ጤና ጣቢያ መዝገብ ያስተካከለች ልጅም ብዙ የምትለው አላት።

ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ተስማሙ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ስለሆነ።

በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ላይ 127 የሳይንስ መምህራን ለላቦራቶሪ ኃላፊነት ያመለከተ ሰው ፋይል ተሰጣቸው። ፋይሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ግማሾቹ የወንድ ስም፣ ግማሾቹ የሴት ስም ያለበት ደረሳቸው። የወንዱን ይበልጥ ብቁ አሉት፤ በአማካይ ወደ 30,200 ዶላር ደመወዝ አሰቡለት፣ ለሴቷ ወደ 26,500። ከመዛኞቹ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ ነው ያደረጉት። ሌላ በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ከ54 አገሮች የተጻፉ 1,224 የድጋፍ ደብዳቤዎችን አየ፤ በጂኦሳይንስ ለድኅረ ዶክትሬት ሥራ ያመለከቱ ሰዎች ደብዳቤ ነው። ሴቶች «እጅግ የላቀች» የሚያሰኝ ደብዳቤ የማግኘት ዕድላቸው ከወንዶቹ ግማሽ ያህል ነበር። ማለትም አድልዎው እናንተ ጋ ሳይደርስ፣ ከሌላ ቢሮ በፖስታ ታሽጎ ይመጣል።

ስለዚህ አንድም ፋይል ሳይከፈት ኮሚቴው ተቀምጦ ይስማማ። ምንድነው የምንፈልገው? አራት ወይም አምስት ነገር፤ ለትምህርቱ ዝግጅት፣ የምርምር ፍላጎቱ ከእኛ ጋር መግጠሙ፣ ችግር ሲገጥመው የመቀጠል ልምድ፣ የመጻፍ ችሎታ፣ እንደየመስካችሁ። ለእያንዳንዱ «ከፍተኛ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ «ዝቅተኛ» ማለትም ምን እንደሆነ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብብ፣ ነጥቡን ይሙላ፣ ከዚያ ነው ውይይት። መጀመሪያ አፉን የከፈተ አንጋፋ ፕሮፌሰር «ይሄ ልጅ ኮከብ ነው» ካለ በኋላማ ማን ይናገራል።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ስም ደግሞ ራሳችሁን ታዘቡ። ስሙ ከታወቀ ቦታ የመጣ 3.4 እና ስሙን ሰምታችሁ ከማታውቁት ቦታ የመጣ 3.9 ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? «እዚያ ውጤት ቀላል ነው» ይባላል፤ ግን የዚያን ዩኒቨርሲቲ አንድ የፈተና ወረቀት ያየ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። የውጤት አካሄድም ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ዓመት ወድቆ ሦስተኛው ላይ የተነሣ ተማሪ፣ ምናልባት ሌሊት ሥራ እየሠራ ይሆናል፤ አማካዩ ይህን ይደብቃል። መመዘኛው ሰውየው ባገኘው ዕድል ምን አደረገበት የሚል ይሁን።

ጂአርኢን (በተለይ በአሜሪካ ለድኅረ ምረቃ ቅበላ የሚጠየቀውን ፈተና) በተመለከተ ብዙ ትምህርት ክፍሎች ትተውታል፤ ምክንያታቸው ገባኝ። ከፍሎ መፈተን፣ ከፍሎ መዘጋጀት፣ አንዳንዴም ፈተና ወዳለበት ከተማ መጓዝ ነው። ግን ልብ በሉ። ፈተናውን አንሥቶ በቦታው ምንም አለማስቀመጥ ክብደቱን ወደ ድጋፍ ደብዳቤና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስም ያሻግረዋል። እነሱ ደግሞ ከፈተናው የባሰ አድልዎ ሊኖርባቸው ይችላል። የተጻፈ መመዘኛ ሳታዘጋጁ ጂአርኢን አነሣን ብላችሁ አትፎክሩ።

ቃለ መጠይቅ ካላችሁ አጭር ይሁን፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አስቀድሞ የተላከ። ኢንተርኔት ስለተቆረጠበት ነጥብ የሚቀነስበት ሰው እንዳይኖር። ስለ ትዳርና ስለ ልጅ የሚጠይቅ መምህር ካለ ቀጥሎ ከቃለ መጠይቁ ይውጣ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ላም አለኝ በሰማይ

ተቀበላችሁት። ደብዳቤ ላካችሁ። «የገንዘብ ድጋፍ ሊኖር ይችላል» ይላል ደብዳቤው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

የሚደግፈው ቤተሰብ ያለው ሰው እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ ተማምኖ ሊመጣ ይችላል። የሌለው አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም። ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ በወር ስንት፣ ለስንት ዓመት፣ ክረምትን ይጨምራል ወይ፣ የትምህርት ክፍያው ማን ላይ ነው፣ ከደመወዙ ምን ይቆረጣል፣ የጤና መድንስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ መቼ እጁ ይገባል? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገብቶ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ ክፍያውን የሚያገኝ ተማሪ በመሀል የቤት ኪራይ ቀብድ፣ የመጽሐፍ፣ የቪዛ ወጪ አለበት። ሁለት ወር በብድር። ለመዛወሪያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ቀድሞ መስጠት ከትልቅ ስኮላርሺፕ ስም የበለጠ ሰው ያመጣል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለጉብኝት ስትጋብዙም እንዲሁ ነው። «ቲኬቱን ቁረጥ፣ ደረሰኝ አምጣ፣ በስድስት ሳምንት ይመለስልሃል» የሚባለው ሰው ቲኬት መቁረጫ ከሌለው አልተጋበዘም። እናንተው ቁረጡለት።

አታጣድፉ። በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነትን የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ጥሪ ተማሪው እስከ ሚያዝያ 15 እንዲያስብበት ይተዉታል። የትም ብትሆኑ ሐሳቡ ጥሩ ነው። «በአምስት ቀን ወስን» የሚል ደብዳቤ የሚያማክረው ሰው ያለውን አይጎዳም፤ ብቻውን የሚያስበውን ነው የሚጎዳው።

ከዚያ ደውሉ። መጀመሪያ ፕሮፌሰር፣ ቀጥሎ ተማሪ። ተማሪው ሲያወራ እናንተ መስመሩ ላይ አትሁኑ። እዚህ ጋ የምጠላትን አንዲት ልማድ ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለችውን አንዲት ከአናሳ ወገን የመጣች ተማሪ ለእያንዳንዱ እንግዳ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ ስልክ መጥራት። እሷም ፈተና አለባት፣ እሷም ወረቀት አለባት። ተራ ይኑር፤ ለሚያግዙ ሁሉ ይከፈል፤ እምቢ ማለትም ይፈቀድ።

ያሉትስ?

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አዲስ ተማሪ ፍለጋ አገር ስንዞር የመጡት ሁለተኛ ዓመት ላይ ዝም ብለው ይወጣሉ። ዝም ብለው ነው የሚወጡት፤ «የግል ምክንያት» ብለው ይሞሉና።

ብቻውን የገባ ሰው ቶሎ ይደክማል። ከቻላችሁ ሁለትና ሦስት ሆነው እንዲገቡ አድርጉ፤ ካልቻላችሁ ከሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጋር አገናኟቸው። አማካሪ መቀየር የሚቻልበት መንገድ በጽሑፍ ይኑር፤ ለመቀየርም አሁን ያለውን አማካሪ ፊርማ የሚጠይቅ አይሁን፤ የተጣላችሁትን ሰው ሄዳችሁ ፈቃድ ለምኑ ማለት ነውና። ከዋናው አማካሪ ሌላ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ «እንዴት ነህ፣ ምን ያዘህ?» የሚል ሁለተኛ መምህር ይመደብ። የመመረቂያ መስፈርቱ፣ የብቃት ፈተናው፣ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚቻል፣ ከመጀመሪያው ቀን በእጃቸው ይሁን።

የወጣውን ሰው ደግሞ ጠይቁት። ከፕሮግራሙ ውጭ የሆነ ሰው ይጠይቀው፣ ከስድስት ወር በኋላ፤ ያኔ እውነቱን ይናገራል። የሚለው ነገር ሊያማችሁ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ካነበብኳቸው መልሶች አንዱ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «ማንም አልበደለኝም፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን በትክክል የጠራ ሰው አልነበረም።»

በዓመቱ ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው የመጀመሪያ ቀን ገለጻ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ራሱ በድምፅ ቀድቶ እንዲልክ ጠየቅን። መምህራኑም ላኩ። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁላችንም ስሙን ስናበላሽ እንደኖርን ያን ቀን አወቅን።